«ፍራንከንስታይን» እንዴት ተጻፈ? የሜሪ ሼሊ መነሻዎችና ወደ መጀመሪያ ልቦለዷ ያደረሳት ጉዞ

አንድ ድርሰት እንዴት ተወለደ የሚለው ጥያቄ በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ጥናት ውስጥ ቀላል መስሎ የሚታይ፣ ሲመረምሩት ግን የሚያስቸግር ጥያቄ ነው። አስቸጋሪ የሚያደርገው የመረጃ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መልሱን አስቀድሞ የሚሰጠን ራሱ ደራሲው መሆኑም ጭምር ነው። ደራሲው በመቅድሙ ሐሳቡ እንዴት እንደመጣለት ይነግረናል፤ እኛም ባለቤቱ ከመሰከረ ሌላ ምስክር ምን ያደርጋል ብለን ቃሉን ተቀብለን ወደ ድርሰቱ እናልፋለን። ይህ ጽሑፍ መቅድምን እንደ ማስረጃ ስንጠቀም ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚገባን በአንድ ታዋቂ አስፈሪ ልቦለድ ታሪክ ለማሳየት ይሞክራል። የተመረጠው የእንግሊዛዊቷ የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ በሰፊው የሚታወቀውን ታሪክ እናስታውስ። በ1816 የበጋ ወራት ገጣሚው ሎርድ ባይረን በጀኔቫ ሐይቅ ዳር ቪላ ዲዮዳቲ የተባለውን ቤት ተከራይቶ ሐኪሙ ከነበረው ከወጣቱ ጆን ፖሊዶሪ ጋር ይኖር ነበር። ገጣሚው ፐርሲ ቢሽ ሼሊ፣ ከእርሱ ጋር የኮበለለችው ሜሪ ጎድዊንና የእንጀራ እኅቷ ክሌር ክሌርሞንት ደግሞ ከዚያው አጠገብ አርፈው ነበር። በዚያ ዓመት አውሮፓ በጋ አላየም። በኢንዶኔዢያ የሚገኘው የታምቦራ እሳተ ገሞራ በሚያዝያ 1815 ፈንድቶ ወደ ሰማይ የረጨው ትነትና አመድ የፀሐይን ሙቀት ስለቀነሰው ዝናቡና ብርዱ አላቋርጥ አለ። እንግዶቹም ቤት ውለው ከጀርመንኛ ወደ ፈረንሳይኛ የተተረጎሙ የሙት መንፈስ ታሪኮችን እያነበቡ ሲጫወቱ፣ ባይረን «እያንዳንዳችን አንድ አንድ ታሪክ እንጻፍ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሜሪ ያን ጊዜ ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር።

የቀረውን የምናገኘው ሜሪ ራሷ በ1831 ለወጣው እትም ከጻፈችው መግቢያ ነው። ለብዙ ቀናት ምንም ሊመጣላት አልቻለም፤ ጧት ጧት «አገኘሽ ወይ?» እየተባለች ስትጠየቅ አላገኘሁም ማለቱ ያሳፍራት ነበር። አንድ ምሽት ባይረንና ሼሊ ስለ ሕይወት ምንጭና በድን ሕይወት ሊዘራ ይችል እንደሆነ ሲወያዩ አዳመጠች። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አላት። ዐይኖቿን ጨፍና እያለች አንድ ወጣት ተመራማሪ ከገጣጠመው በድን አጠገብ ተንበርክኮ፣ ያ በድንም ሲንቀሳቀስ ታያት። በማግሥቱ ታሪኩን እንዳገኘች ተናገረች፤ መጻፍም ጀመረች።

ተማሪዎቻችን በፈተና ወረቀት ላይ ይህንኑ «ሜሪ ሼሊ በሕልሟ ያየችውን ጻፈች» ብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያጠቃልሉታል። በመጀመሪያ ደረጃ ሕልም አላለችም፤ አልተኛሁም ነው የምትለው። ነገር ግን ዋናው ጉዳይ ይህ አይደለም። ዋናው ጉዳይ መግቢያው ከተተረከው ነገር ዐሥራ አምስት ዓመት ዘግይቶ፣ በአሳታሚዎች ጥያቄ መጻፉ ነው።

ልቦለዱ በ1818 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም ሌላ መቅድም ነበረው። ያንን የጻፈው በደራሲዋ ስም ሆኖ ፐርሲ ሼሊ ነው። በዚያ መቅድም ጀኔቫ አለ፤ ዝናቡ አለ፤ የሙት መንፈስ ታሪኮቹና የጓደኛሞቹ ስምምነትም አለ። የሌሊቱ ራእይ ግን የለም። እንግዲህ በጊዜው የተጻፈ ሌላ ማስረጃ ፍለጋ ወደ ሜሪ የዕለት ማስታወሻ እንሄዳለን፤ እዚያም ያጋጠመን ክፍተት ነው። ከግንቦት 1815 አጋማሽ እስከ ሐምሌ 1816 ድረስ ያለው ደብተር ጠፍቷል። የተረፈው ማስታወሻ ስለ ድርሰቱ መጀመሪያ የሚያነሣው ሐምሌ 24 ቀን 1816፣ በአልፕስ ተራሮች ሥር ሻሞኒ በተባለው ቦታ ሳለች ታሪኳን እየጻፈች መሆኗን በመጥቀስ ነው። ያም ቢሆን እንደ ተራ የዕለት ሥራ በአጭሩ የገባ ነው እንጂ የተለየ ነገር አይናገርም።

የቀረን ምስክር ፖሊዶሪ ነው። እርሱም በዚያ በጋ የዕለት ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ሰኔ 15 ቀን ስለ ሕይወት ምንነትና ሰው መሣሪያ ብቻ ነው ወይስ አይደለም ስለሚለው ጥያቄ ውይይት እንደነበረ ጽፏል። ይሁን እንጂ በእርሱ አጻጻፍ ከሼሊ ጋር የተወያየው ባይረን ሳይሆን ራሱ ነው። ሰኔ 17 ቀን ደግሞ ከእርሱ በቀር ሁሉም ታሪካቸውን እንደጀመሩ መዝግቧል። ሜሪ በየጧቱ ስታፍር የምናያት በ1831 መግቢያ ውስጥ ብቻ ነው፤ በሐኪሙ ማስታወሻ ውስጥ ወደ ኋላ የቀረው ሐኪሙ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ፖሊዶሪ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ሲፌዝበት የኖረ ምስኪን ሰው ነው፤ የጻፈውን በዕለቱ መጻፉን ግን ልንነሣው አይገባም።

ከዚህ ተነሥቶ ሜሪ ዋሽታለች ለማለት መቸኮልም አይገባም። የአሜሪካ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በመግቢያው ውስጥ በመስኮቱ መዝጊያ በኩል ይገባ ነበር የተባለውን የጨረቃ ብርሃን ከቦታው አቀማመጥ ጋር አስልተው፣ ሌሊቱ የሰኔ 16 ቀን ንጋት ሊሆን እንደሚችል አመልክተዋል። ባይረን ሐሳቡን ያቀረበው ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ከሆነ የሜሪና የፖሊዶሪ ቃሎች ሊታረቁ ይችላሉ። እኔም ጨረቃዋ በመስኮቱ እንደገባች ለማመን አይከብደኝም። ጥያቄው ሌላ ነው። ያ ሌሊት ልቦለዱን ይገልጠዋል ወይ?

በዚያ ዘመን አንድ አስፈሪ ወይም እንግዳ ድርሰት ከሕልም ተገኘ ማለት የተለመደ ነገር እንደነበረ ማስታወስ ጠቃሚ ነው። የዚህ ዐይነቱ ልቦለድ ፈር ቀዳጅ የሚባለው ሆረስ ዎልፖል የ1764ቱ «የኦትራንቶ ግንብ» ከሕልም እንደተነሣ ለወዳጁ በደብዳቤ ገልጿል። ሳሙኤል ቴይለር ኮሊሪጅ ደግሞ «ኩብላ ካን» የተባለውን፣ አቢሲንያዊት ልጃገረድ ስላለችበት በእኛ አገር አንባቢዎች ዘንድም የሚታወቀውን ግጥም በ1816 ሲያሳትም፣ በእንቅልፍ ላይ ሳለ የመጣለት መሆኑን በመቅድሙ ተርኳል። ይህ ግጥም «ክሪስታቤል» ከተባለው ግጥም ጋር በአንድ መድበል የወጣ ነው። ባይረን በሰኔ 18 ምሽት በዲዮዳቲ በቃሉ ሲወጣው ፐርሲ ሼሊን አስደንግጦ ከክፍሉ ያስሮጠው ግጥም «ክሪስታቤል» ነበር። ስለዚህ ሜሪ በ1831 መግቢያዋን ስትጽፍ በፊቷ የተዘጋጀ ቅርጽ ነበራት። ራእዩ እውነት ቢሆን እንኳ አተራረኩ ከሥነ ጽሑፍ የመጣ ነው።

ወደ ትክክለኛው መነሻ ለመድረስ ከጀኔቫ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ሜሪ የተወለደችው ነሐሴ 30 ቀን 1797 በለንደን ነው። አባቷ ዊልያም ጎድዊን በፖለቲካ ፍልስፍናው የታወቀ፣ «ኬሌብ ዊልያምስ» የተባለውን ልቦለድ በ1794 ያሳተመ ጸሐፊ ነበር። እናቷ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት በ1792 ስለ ሴቶች መብት በጻፈችው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ትጠቀሳለች። እናቲቱ ልጇን በወለደች በዐሥራ አንደኛው ቀን በወሊድ ትኩሳት ሞተች። ልጅቱ እናቷን ያወቀቻት በመጽሐፍና በመቃብር ነው። በሴንት ፓንክራስ ቅጥር ግቢ ካለው የእናቷ መቃብር አጠገብ ተቀምጣ ታነብ ነበር፤ ከፐርሲ ሼሊ ጋርም የሚገናኙት እዚያው ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 1814 ሁለቱ ክሌርን አስከትለው ወደ ፈረንሳይ ኮበለሉ። ፐርሲ ባለትዳርና የልጅ አባት ስለነበረ፣ በጽሑፉ ጋብቻን ሲነቅፍ የኖረው ጎድዊን ሳይቀር ፊቱን አዞረባቸው።

የካቲት 22 ቀን 1815 ሜሪ ያለ ጊዜዋ የተወለደች ሴት ልጅ አገኘች። ሕፃኗ ስም እንኳ ሳይወጣላት መጋቢት 6 ቀን ሞተች። መጋቢት 19 ቀን ሜሪ በማስታወሻዋ ያሰፈረችው ጥቂት መስመር በእኔ አስተያየት ከ1831ዱ መግቢያ የበለጠ ክብደት ሊሰጠው የሚገባ ነው። ሕፃኗ በእውነት እንዳልሞተች፣ ቀዝቅዛ ብቻ እንደነበረች፣ በእሳት ዳር ሲያሻሿት ነፍስ እንደዘራች በሕልሟ ማየቷን፣ ስትነቃም ልጅ እንደሌላት ጽፋለች። ይህ በትክክል በእንቅልፍ የታየ ሕልም ነው። የዐሥራ ሰባት ዓመት ወጣት በዕለቱ ለራሷ እንጂ ለአሳታሚ የጻፈችው አይደለም። የሞተ ነገር በሙቀት ወደ ሕይወት ሲመለስ የሚታይበት ይህ ሕልም ከጀኔቫው ሌሊት በዐሥራ አምስት ወር ይቀድማል።

አሜሪካዊቷ ሐያሲ ኤለን ሞወርስ በ1976 ባሳተመችው መጽሐፍ «ፍራንከንስታይን» የወሊድ ታሪክ መሆኑን ካመለከተች በኋላ ይህን ንባብ የተከተሉ ብዙዎች ናቸው። ፈጣሪው ቪክቶር በድኑን ሕያው አድርጎ ባየው ቅጽበት ይጸየፈዋል፤ ትቶትም ይሸሻል። የልቦለዱ አስፈሪነት ከመቃብር በተሰበሰበ አካል ላይ ብቻ የቆመ አይደለም፤ የተወለደውን የሚቀበል ሰው በመታጣቱ ላይ ነው። እናቷን ገድላ እንደተወለደች እያሰበች ላደገች፣ ልጇንም ለቀበረች ሴት ይህ ከአንድ ምሽት ጨዋታ የሚቀዳ ሐሳብ አይደለም። ይሁን እንጂ ድርሰቱን ወደ ሕይወት ታሪክ ብቻ መመለስም ሌላው ስሕተት ነው። ልጅ የቀበሩ ወጣት እናቶች በዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ነበሩ፤ «ፍራንከንስታይን»ን የጻፈች ግን አንዲት ናት። ልዩነቱን ያመጣው ንባብና ሥራ ነው።

ንባቧ ተዘርዝሮ በማስታወሻዋ ይገኛል፤ ብዛቱም ያስገርማል። የሚልተን «የጠፋችው ገነት» በልቦለዱ የውስጥ ገጽ ላይ ተጠቅሷል፤ ፍጡሩም ራሱ ያነበዋል። ከሚልተን ጋር ፍጡሩ የሚያገኛቸው መጻሕፍት የፕሉታርክ የታላላቅ ሰዎች ታሪክና የጎተ «ቬርተር» ናቸው። ማንበብ የተማረ ጭራቅ መፍጠር ከዚያ በፊት ማንም ያላሰበው ነገር ይመስለኛል፤ አንደበተ ርቱዕ ሆኖ በራሱ ቃል ስለሚከራከር አንባቢ ሊጠላው ሲፈልግ ይቸግረዋል። የኮሊሪጅን የአሮጌውን መርከበኛ ግጥም ደግሞ በልጅነቷ ገጣሚው ራሱ በአባቷ ቤት ሲያነበው ሰምታለች፤ በልቦለዱ መግቢያና መደምደሚያ የሚታየው የበረዶ ባሕርና መንገደኛን አስቁሞ ታሪክን የመናገር ስልት ከዚያ የመጣ ነው።

ስለ ሳይንሱም ጥቂት እንበል። ጣሊያናዊው ጆቫኒ አልዲኒ በ1803 ለንደን ውስጥ በስቅላት የተቀጣ ሰው አስከሬን ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል ለቆ ጡንቻዎቹን አንቀሳቅሷል። የሼሊ ሐኪም የነበረው ዊልያም ሎውረንስም ሕይወት ከአካል ውጪ የሆነ ረቂቅ ኃይል ነው አይደለም በሚለው የዘመኑ ክርክር ውስጥ ስሙ ከሚነሣው አንዱ ነበር። ሜሪ በ1816 መጨረሻ ላይ የሐምፍሪ ዴቪን የኬሚስትሪ መጽሐፍ ታነብ እንደነበረ ማስታወሻዋ ያሳያል። ሆኖም በልቦለዱ ውስጥ ፍጡሩ ሕይወት ያገኘበት ቦታ በሚገርም አኳኋን አጭር ነው። መብረቅና ጎማ የሚሽከረከርበት መሣሪያ ከ1931ዱ የጄምስ ዌል ፊልም የመጣ እንጂ ከመጽሐፉ አይደለም።

ከጀኔቫ በኋላ ያለው የሥራ ጊዜ ወደ ዐሥር ወር ይጠጋል። ሐምሌ 25 ቀን 1816 ሜሪ ከሻሞኒ በላይ ያለውን የበረዶ ባሕር ወጥታ አየች፤ በልቦለዱ መካከል ፈጣሪና ፍጡር ፊት ለፊት የሚነጋገሩት በዚያው ቦታ ነው። ነሐሴ 21 ቀን ከፐርሲ ጋር ስለ ታሪኳ ተወያየች። ጥቂት ገጽ ብቻ እንዲሆን ያሰበችው ትረካ እንዲሰፋ የገፋፋት እርሱ መሆኑን ሜሪ አልደበቀችም። በመስከረም ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የመጣው ወራት ከባድ ነበር። በጥቅምት በእናት የምትገናኛት እኅቷ ፋኒ ራሷን አጠፋች። በታኅሣሥ የፐርሲ ሚስት ሃሪየት በለንደን ሐይቅ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ታኅሣሥ 30 ቀን ሜሪና ፐርሲ ተጋቡ። በእነዚህ ሁለት ሞቶች መካከል ሜሪ አራተኛውን ምዕራፍ መጨረሷን ለፐርሲ በደብዳቤ ስታበስር እናገኛታለን። በእቅፏ ያለው ልጇ ዊልያም ገና ዓመት አልሞላውም፤ ሦስተኛ ልጅም አርግዛለች። ረቂቁ በሚያዝያ 1817 አለቀ፤ ንጹሑን ግልባጭ በግንቦት አጋማሽ ጨረሰች።

ረቂቁ የተጻፈባቸው ደብተሮች ጉልህ ክፍል ተርፎ ዛሬ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የሜሪ ጽሕፈት በገጹ መካከል ይወርዳል፤ በኅዳጉና በመስመሮቹ መካከል የፐርሲ እርማት ይታያል። ቻርልስ ሮቢንሰን ይህን የእጅ ጽሑፍ መርምሮ በ1996 ያሳተመ ሲሆን፣ ከሰባ ሁለት ሺህ ያህል ቃላት ውስጥ የፐርሲ ከአራት እስከ አምስት ሺህ ያህል እንደሚሆን ገምቷል። በ2008ም የፐርሲን እርማት አውጥቶ የሜሪን ቃል ለብቻው አሳትሟል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ፐርሲ አንዳንዴ አሻሚውን ግልጽ እንዳደረገ፣ ብዙ ጊዜ ግን ቀላሉን ቃል በላቲን ቃል እየተካ አረፍተ ነገሩን እንዳከበደው ሊፈርድ ይችላል። የታሪኩ ሴራ፣ ገጸ ባሕርያቱና አንዱ ትረካ በሌላው ውስጥ የተሸፈነበት አወቃቀር የእርሷ ነው። ይህ ሁሉ ማስረጃ እያለ በ2007 እውነተኛው ደራሲ ፐርሲ ነው የሚል መጽሐፍ ታትሟል።

ለዚህ ጥርጣሬ መንገድ የከፈተው የኅትመቱ ታሪክ ነው። ጆን ማሪ የተባለው ታዋቂ አሳታሚ ረቂቁን አልቀበልም አለ፤ ቀጥሎ የቀረበለት ኦሊየርም መለሰው። በነሐሴ 1817 የተቀበለው ርካሽ መጻሕፍትን በመሸጥ የታወቀው የላኪንግተን ቤት ነው። ድርድሩን የያዘው ፐርሲ ሲሆን ድርሰቱ የአንድ ወዳጁ መሆኑን ነበር የተናገረው። ጥር 1 ቀን 1818 ልቦለዱ በሦስት ቅጽ፣ በ500 ቅጂ፣ ያለ ደራሲ ስም ወጣ። መታሰቢያነቱ ለጎድዊን ነበር። ዋልተር ስኮት በመጋቢት «ብላክዉድስ» መጽሔት ላይ በአድናቆት ሲገመግመው ደራሲው ፐርሲ ሼሊ ነው ብሎ ገመተ። በሰኔ ሜሪ ከጣሊያን ጻፈችለት። ድርሰቱ የእርሷ መሆኑን፣ ስሟን የተወችውም በልጅነት የተጻፈ ስለሆነና ስሙን ለሰጧት ሰዎች ክብር ስትል መሆኑን አስረዳችው። በዓመቱ ደግሞ ከዚያው የዲዮዳቲ ጨዋታ የተወለደው የፖሊዶሪ «ቫምፓየር» በባይረን ስም ታተመ። ከአንድ ቤት የወጡት ሁለቱ አስፈሪ ታሪኮች ለታላላቆቹ ገጣሚዎች መሰጠታቸው ያጋጣሚ ነገር ነው ለማለት ይከብዳል።

የሜሪ ስም በመጽሐፉ ላይ የታየው በ1823፣ በሁለተኛው እትም ነው። ያን ጊዜ ሦስት ልጆቿን ቀብራለች፤ ፐርሲም በሐምሌ 1822 ጣሊያን ውስጥ ሰጥሞ ሞቷል። ታሪኩ በዚያው በጋ በለንደን ቲያትር ቤት ተውኔት ሆኖ ቀርቦ ስለነበረ ጎድዊን መጽሐፉ ዳግመኛ እንዲታተም አደረገ። በነሐሴ 1823 ተውኔቱን ሄዳ ያየችው ሜሪ በፕሮግራሙ ላይ ፍጡሩን ለሚሠራው ተዋናይ የተጻፈው ስም ባዶ መስመር መሆኑን ወድዳዋለች።

በ1831 መግቢያዋን ስትጽፍ እንግዲህ በብዕሯ የምትተዳደር፣ የቀራትን አንድ ልጅ የምታሳድግ፣ ለልጁም የባሏን አባት ቸርነት የምትጠብቅ መበለት ነበረች። ሰው ሁሉ የሚጠይቃት፣ እንዲያ ያለ አስቀያሚ ነገር በዚያ ዕድሜዋ እንዴት በሐሳቧ እንደመጣ ነበር። «አስቤ ሠራሁት» ብሎ መመለስ ለአንድ ወንድ ደራሲ ቀላል ነው። ለእርሷ ራእዩ ይቀል ነበር፤ ራእይ ያየ ሰው አያፍርበትምና። ሆኖም በዚያው መግቢያ ውስጥ አንድ ነገር አላሳለፈችም። ባሏ ከገፋፋት በስተቀር በታሪኩ ውስጥ አንዲት ክንዋኔ እንኳ እንዳልጨመረላት በግልጽ አስፍራለች። የደብተሮቹን ገጽ የሚያገላብጥ ሰው ይህን ቃሏን በአብዛኛው እውነት ሆኖ ያገኘዋል። ቀለሙ የተለያየ ነው፤ ስርዝ ድልዙ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ገጽ ሁለት ጊዜ ተጽፏል።